ከክንዱ በፊት ጥያቄውን

ወልቂጤ ውስጥ የግል አሰልጣኝ ፈልጋችሁ ጂም ብትገቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው አሰልጣኙ ክንድ ላይ ነው፤ ከዚያ ጠባብ ካናቴራው፣ ከዚያ ስልኩ ላይ የሚያሳያችሁ ፎቶ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ስለካና ስቀድ የምውል፣ ግፊት ያለብኝ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን የሚያመኝ የሃምሳ ዓመት ሴት ነኝ። የእሱ ክንድ ለእኔ ጉልበት ምን ይፈይዳል?

አሁን የሚያሠራኝን ልጅ የመረጥኩት በጥያቄው ነው። ብረት ሳያስይዘኝ የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀኝ፤ ሐኪሜ ስፖርት ፈቅዶልኝ እንደሆነም ጠየቀኝ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ አሰኝቶ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይጠጋ እንደሆነ ከፊቴ ቆሞ አየ። “እትዬ፣ ሲያነሡ ትንፋሽዎን አይያዙ፤ ያስወጡት” አለኝ። ትንፋሽ አምቆ ከባድ ነገር ማንሳት የደም ግፊትን በቅጽበት ሽቅብ ይሰደዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሜዳሊያ ቢደረድርም ለግፊት ሕመምተኛ አይሆንም።

ከእሱ በፊት ያነጋገርኩት አንዱ የምግብ ዝርዝር ጽፎ ሰጠኝ፤ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ዶሮ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር! 55 ቀን የፍስክ ለማይቀምስ ሰው ይህ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ሮመዳን ላይ ቀትር ሩጪ የተባለች ሙስሊም ጎረቤትም አለችኝ። ቆጮንም እንደ መርዝ የሚያዩ አሉ። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ የሚያንሰው ፕሮቲን ነው። የእኔው አሰልጣኝ “ይቀንሱት” እንጂ “ይተዉት” አላለኝም፤ በጾም ከምስርና ከባቄላ ጋር እንድበላው ነገረኝ። ለመስቀል ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲገባ ከክትፎው እንደማልሸሽም ያውቃል።

የአበበ ቢቂላ አሰልጣኝ የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም እንዲህ የሚያሠራውን ሰው የሚያዳምጥ ይመስለኛል። አበበን ሮም ኦሊምፒክ ላይ አዲስ ጫማ አልመች ሲለው በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተስማሙ፤ አበበም ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶኑን አሸነፈ።

ስለ ገንዘቡም ላንሳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በዚያም ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ደቂቃውን በማለዳ በጉብሬ መንገድ ፈጠን ብሎ መራመድ ይሞላዋል፤ ለዚያ ማንም አይከፈለውም። ስለዚህ አሰልጣኝ የምቀጥረው ለሁለቱ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ካልመጣችሁ የሚል ካለ ስለ ኪሱ እያሰበ ነው።

በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ከሆነ ማስረጃውን ጠይቁት፤ አይከፋውም። ሴቶች ደግሞ አቋቋማችሁን ለማስተካከል ሲነካችሁ አስቀድሞ የሚያስፈቅድ መሆኑን እዩ። የሦስት ወር ሒሳብ በቅድሚያ ቢላችሁ መጀመሪያ አንድ ቀን ያሠራችሁ። በማግስቱ ጡንቻ ቢዝል ያለ ነው፤ መገጣጠሚያ ካበጠ ወይም ደረት ከወጋ ግን የሚኬደው ሐኪም ዘንድ ነው።