ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ወንዝ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከምብሪያ በተባለው ተራራማ አካባቢ፣ ከኤነርዴል ሐይቅ ተነስቶ አይሪሽ ባሕር የሚገባ ኢሄን የሚባል አጭር ወንዝ አለ። በእንግሊዝ ከቀሩት የዕንቁ ዛጎሎች አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚህ ነው። የአካባቢው ሰውም ለብዙ ዘመን የጠጣው ከዚያው ሐይቅ ነው። ሐይቁ ሁለቱንም ማጠጣት እንዳቃተው እየታወቀ ሲሄድ፣ ማን ይቅደም የሚለው ክርክር ለዓመታት ተጎተተ።

እንስሳው

የዕንቁ ዛጎል በሁለት ጥቁር ክዳኖች መካከል የሚኖር ለስላሳ እንስሳ ነው። ግማሽ አካሉን ጠጠር ውስጥ ቀብሮ፣ በቀን እስከ 50 ሊትር ውሃ እያጠለለ ይመገባል። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ዕንቁ የሚገኘው ከብዙዎቹ በጥቂቶቹ ውስጥ ብቻ ቢሆንም፣ ፈላጊዎች ለዘመናት እየፈለቀቁ ቁጥሩን አመናምነውታል። ሮማዊው ጸሐፊ ሱቶኒየስ፣ ዩልዮስ ቄሳር ብሪታንያን የወረረው ዕንቁ ተመኝቶ ነው ይባል እንደነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በብሪታንያ ዛጎሉን መግደልም ሆነ ከቦታው ማንሳት ወንጀል ነው።

ሕጉ የሰውን እጅ ቢይዝም የመዋለዱን ችግር አልፈታም። ሴቷ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እጮችን ውሃው ውስጥ ትለቃለች። እጩ ወዲያው የሳልሞን ወይም የትራውት ዓሣ ስንጥብ ላይ ካልተጣበቀ ይሞታል። የተጣበቀው የብርዱን ወራት እዚያው አሳልፎ ይወድቃል። የወደቀበት ጠጠር ንጹሕ ከሆነ ለዓመታት ተቀብሮ ያድጋል፤ ደለል ከሞላው ግን ታፍኖ ይቀራል። ለመውለድ የሚደርሰውም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጉዳቱ ሳይታይ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ያደገው ዛጎል የተበላሸን ውሃ ለአሥርት ዓመታት ይችላል፤ ጨቅላው አይችልም። ወንዙን ያየ ሰው ዛጎል እንደሞላበት ይመሰክራል፤ ዕድሜያቸው ሲመረመር ግን ተተኪ ትውልድ የለም።

ውሃው

በኢሄን ላይ ብዙ ነገር ተደራረበ። ዝናብ ሲጠፋ ከሐይቁ የሚቀዳው ውሃ ወንዙን ያሳንሰው ነበር። የቀነሰ ውሃ ቶሎ ይሞቃል፣ አልጌ ይበዛበታል፣ ደለሉን የመጥረግ ጉልበት ያጣል። ቤን ጊል የተባለ ጅረት ወደ ሐይቁ እንዲዞር በመደረጉ ደግሞ ወንዙ ጠጠር የሚያወርድለትን አጣ። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያም ተጨመረበት።

ወንዙ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የአውሮፓ የዱር እንስሳትና መኖሪያ ጥበቃ ሕግ ከለላ ስለተሰጠው፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የውሃ መቅጃ ፈቃዱን እንደነበረ ሊተወው አልቻለም። የሕዝብን ቧንቧ መዝጋትም አይቻልም ነበር። በመጨረሻ ሌላ ምንጭ እስኪዘጋጅ መቅዳቱ በገደብ እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ ዩናይትድ ዩቲሊቲስ የተባለው የውሃ ኩባንያም በምትኩ ሌሎች የተጎዱ መኖሪያዎችን የማደስ ግዴታ ገባ። ኩባንያው ከቲርልሚር ሐይቅ ወደ ምዕራብ ከምብሪያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ዘረጋ። ሥራው ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያልቅ ከኤነርዴል መቅዳት ቆመ።

ቲርልሚር ራሱ ያለ ታሪክ አይደለም። የማንቸስተር ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን ሸለቆውን ለመገደብ ስትነሳ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ውሃው ከተማዋ ደረሰ። ዛሬ የአንዱን ወንዝ ዕዳ የሚከፍለው ያ በግድ የተገደበ ሐይቅ ነው።

የቀረው ሥራ

ቤን ጊል ወደ ቀድሞ መስመሩ ተመልሷል። በዊንደርሚር ሐይቅ አጠገብም ተመራማሪዎች እጮቹን ከዓሣ ጋር አዋህደው ጨቅላ ዛጎሎችን ያሳድጋሉ። ዓሣው ከቀነሰና ደለሉ ካልቆመ ግን የተመለሰው ውሃ ብቻውን ትውልድ አይተካም።

እዚህ ላይ የጊዜ አለመመጣጠን አለ። በእንግሊዝ የውሃ ኩባንያዎች ዕቅድና የደንበኞች ዋጋ የሚጸድቀው በየአምስት ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈለፈለ ዛጎል ለመውለድ ሲደርስ ቢያንስ ሁለት ዕቅዶች አልፈዋል። ገንዘቡ ፍሬ ማፍራቱን ለማወቅ፣ በየዕቅዱ ጨቅላዎቹን ፈልጎ የሚቆጥር ሰውና የሚከፈለው በጀት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት።