የማተቡ ክርና የብሩ መስቀል

የጥምቀት በዓል በደረሰ ቁጥር የምእመናን ሐሳብ ወደ ገዛ ጥምቀታቸው ይመለሳል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይተርካል። በጥምቀቱ ዕለት በሕፃኑ አንገት ማተብ ይታሠራል። ቃሉ ከግእዙ «ማዕተብ» የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ምልክት ማለት ነው።

አያቶቻችን በዚህ ክር ላይ የብር መስቀል ያንጠለጥሉ ነበር። አቅም ያለው ደግሞ ለልጁ እግር ትናንሽ ቃጭል ያለው አልቦ ያሠራል፤ ሕፃኑ ዳዴ ሲል ድምፁ ያለበትን ለእናቱ ይነግራታል። አንጥረኛው ብሩን የሚያገኘው በአብዛኛው ጠገራ ብር በማቅለጥ ነበር። ይህ ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ካረፈች በኋላም በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ ቢወጣም፣ ጌጥ ሆኖ በየቤቱ ቀርቷል።

ልጅን በብር ማክበር የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓም ባለጸጎች ለሕፃናት ቃጭል ያለው የብር መጫወቻ ይሰጡ ነበር። በጫፉ የሚሰካውን ቀይ መርጃን ጥርስ የሚያበቅለው ልጅ ይነክሰዋል፤ መርጃኑ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ተብሎም ይታመን ነበር።

እዚህ ላይ ልናስተውል ይገባል። መስቀሉ የእምነት ምልክት እንጂ ክታብ አይደለም። ሕዝባችን «በማተቤ» ብሎ ሲምል፣ ከሃዲውንም «ማተቡን በጠሰ» ሲል የሚያስበው ክሩን እንጂ ብሩን አይደለም። ስለዚህ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በየአጥቢያው ያላችሁ ወላጆች፣ ብር እስኪገዛ ወይም ድግስ እስኪሰናዳ ብላችሁ የልጃችሁን የክርስትና ቀን አታሳልፉ፤ ክሩ ይበቃል።

ከአያት የወረሰ የብር መስቀል ያለውም በጥቂት ገንዘብ አይሽጠው፤ ለልጅ ልጅ ያቆየው። ነገር ግን ድዱ የሚያሳክከው ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳልና፣ የላላ ቀለበትና ቃጭል እንዳይውጥ፣ ክሩም በእንቅልፍ ላይ አንገቱን እንዳያንቀው ነቅቶ መጠበቅ የወላጅ ግዴታ ነው። ልጁ ነፍስ እስኪያውቅ ብሩ በሣጥን፣ ማተቡ በአንገት ይቆይ።

መልካም የጥምቀት በዓል ያድርግልን።