የአዋሽ ሙላትና የአፈር ክትሮች መደርመስ

አዋሽ በሐምሌና በነሐሴ ከዳርቻው ወጥቶ በአፋር ሜዳ ላይ ሲተኛ ለጥፋቱ በምክንያትነት የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የዝናቡ ብዛት ነው። ዝናቡ መነሻ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ወንዙን በግራና በቀኝ አጥሮ የሚይዘው የአፈር ክትር የሚዳከመው ዝናብ በሌለባቸው ወራት ነው።

ወደ መካከለኛውና ታችኛው ሸለቆ የሚደርሰው የክረምት ውኃ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. ከተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የሚለቀቀው ነው። የግድቡ ሐይቅ ከደጋው በሚወርድ ደለል የመያዝ አቅሙ ስለቀነሰ፣ ሲሞላ ትርፉን መልቀቅ ግድ ይሆናል። ይህ ውኃ ታች እስኪደርስ ቀናት ስለሚወስድ ለማስጠንቀቂያ ጊዜ ይሰጣል። እንደ ከበና፣ ሚሌና ሎጊያ ያሉት ከሸዋና ከወሎ ተዳፋት የሚወርዱ ገባሮች ግን በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ክትሩ ይፈተናል።

ጥቁር የሸክላ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ድርቁ በበረታ ቁጥር ስንጥቁም ይጠልቃል። በዚህ ላይ ከብቶች ወደ ውኃ የሚወርዱበት መሻገሪያ፣ ለመስኖ ተብሎ የተቆረጠ ቦይና የአውሬ ጉድጓድ ይጨመራሉ። በተጨማሪም በክትር መካከል የታጠረ ወንዝ ደለሉን በሜዳው ላይ መበተን ስለማይችል በገዛ ወለሉ ላይ ያከማቻል። ወለሉ ከፍ ሲል ክትሩም ከፍ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ውኃው ከመንደሩ በላይ ይሄዳል።

ሙላት በደረሰ ጊዜ በክትሩ ጀርባ የሚመነጨውን ውኃ መመልከት ያስፈልጋል። የጠራ ከሆነ በጥብቅ መከታተል ሊበቃ ይችላል፤ ደፍርሶ ከወጣ ግን የክትሩን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ ነውና ሕዝቡን ሳይዘገዩ ማንሳት ይገባል። ምንጩን በአፈር ለመድፈን መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ውኃው በሌላ ደካማ ሥፍራ ይፈነዳል። የሚሻለው አሸዋ በተሞላ ጆንያ ዙሪያውን ከብቦ፣ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ በውስጡ ከፍ እንዲል ማድረግ ነው።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ በአሚባራ፣ በዱብቲና በአሳይታ ወረዳዎች ጭምር ሞልቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ አፈናቅሏል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ክትር ሌላም ችግር ያስከትላል፤ ሰብሮ የወጣውን ውኃ ወደ ወንዙ እንዳይመለስ ስለሚያግደው፣ ሙላቱ ካለፈ በኋላም ሜዳው ለረጅም ጊዜ በውኃ ተይዞ ይቆያል።

ይሁንና ሙላቱ ለአፋር አርብቶ አደር ጠላት ብቻ አይደለም። ውኃው ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር የበጋው ግጦሽ ነው፤ የጥጥ እርሻዎችና ክትሮቻቸው ያጠበቡትም ይህንኑ መሬት ነው። ስለዚህ ከድርቅ የሸሹ ቤተሰቦች በወንዙ ዳር ሲሠፍሩ፣ ከክትር ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ባለቤት የሌለውና ከጎርፍ የዳነ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ቦታው ከመመደቡ በፊት ያለፉት ሙላቶች የደረሱበትን ከፍታ ለአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቆ ምልክት ማድረግ፣ ክትሩንም ከጥቅምት ጀምሮ በእግር እየተጓዙ መመርመር ከሠፈራው ሥራ ጋር አብሮ መታቀድ ይኖርበታል።