የለማው መሬት፣ ያልጸናው ፈቃድ፦ የሎስ አንጀለሱ የጋራ እርሻ እንዴት ጠፋ?

እ.ኤ.አ ጁን 13 ቀን 2006 ማለዳ ፖሊስ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ደቡባዊ ክፍል የሚገኝን አንድ የጋራ አትክልት ሥፍራ ከበበ። ቦታውን አንለቅም ብለው ዛፍ ላይ የወጡ፣ ራሳቸውንም በሰንሰለት ያሰሩ ሰዎች ነበሩ። ከ40 በላይ ሰዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ። በቀጣዩ ወር ዶዘር ገብቶ የቀረውን አዝመራ ጠረገው።

"ሳውዝ ሴንትራል ፋርም" በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሥፍራ 14 ኤከር፣ ማለትም ከ5 ሄክታር ተኩል በላይ ስፋት ነበረው። 350 ገደማ ቤተሰቦች ለ12 ዓመታት አልምተውታል። ታዲያ ይህን ያህል ሰው የሚወደው፣ የሚመገብበትና የሚከራከርለት ቦታ እንዴት ከእጅ ወጣ? መልሱ ያለው በዶዘሩ ዘንድ ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ በተፈረሙ ወረቀቶች ላይ ነው።

በመጋዘኖች መካከል የበቀለ እርሻ

አካባቢው መጋዘንና ፋብሪካ የበዛበት፣ ነዋሪዎቹም አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰፈር ነው። ከአልሚዎቹ አብዛኞቹ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ ከአገራቸው ገጠር ያመጡትን የእርሻ ዕውቀት እዚያ ዘሩት። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ቁልቋል፣ አቮካዶ፣ ዘይቱናና ሸንኮራ አገዳ ጎን ለጎን ይበቅሉ ነበር። ለመድኃኒትነት የሚፈለጉ ዕፅዋትም አልጠፉም። ሥፍራው ለቤተሰብ ማዕድ የሚሆን ምግብ ይሰጥ ነበር፤ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ጥላም ነበር።

የመሬቱ ጉዞ በወረቀት ላይ

የከተማዋ አስተዳደር መሬቱን በ1980ዎቹ ከግል ባለይዞታዎች የወሰደው የቆሻሻ ማቃጠያ ተቋም ሊገነባበት አስቦ ነበር። ለዚህም 4 ነጥብ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ ከፍሏል። የአካባቢው ነዋሪዎች ጭሱን ፈርተው ባካሄዱት ተቃውሞ ግን ዕቅዱ ተሰረዘ፤ መሬቱም ጦሙን አደረ።

እ.ኤ.አ በ1992 ከተማዋን ካናወጠው ሁከት በኋላ አካባቢውን ለማረጋጋት ጥረት ተጀመረ። በ1994ም ለችግረኞች ምግብ የሚያከፋፍለው የአካባቢው የምግብ ባንክ ቦታውን ለጋራ አትክልት ልማት እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰጠው ፈቃድ ጊዜያዊና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር የሚችል ነበር። አልሚዎቹ ዛፍ ሲተክሉ፣ ዛፉም ፍሬ ሲሰጥ፣ የፈቃዱ ዓይነት አልተለወጠም።

ከቀድሞዎቹ ባለይዞታዎች አንዱ የነበሩት ባለሀብት ራልፍ ሆሮዊትዝ፣ መሬቱ ለታሰበለት ዓላማ ካልዋለ መልሶ የመግዛት መብት አለኝ በማለት ከተማዋን ከሰሱ። በ2003 የከተማዋ ምክር ቤት በዝግ ስብሰባ ከስምምነት ደርሶ መሬቱን በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠላቸው። ብዙም ሳይቆይ አልሚዎቹ ለቃችሁ ውጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። በፍርድ ቤት ያገኙት ጊዜያዊ እግድም በይግባኝ ተሻረ።

ገንዘቡ ሲሞላ ቀኑ አለፈ

ባለንብረቱ በመጨረሻ ለመሬቱ የጠየቁት ዋጋ 16 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ይህም ከሦስት ዓመት በፊት ከገዙበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እርሳቸው በበኩላቸው ለመሬቱ በየወሩ ብዙ ወጪ እያወጡ ከቦታው ምንም እንደማያገኙ ይናገሩ ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ ቢረባረቡም ቀነ ገደቡ አለፈባቸው፤ ዘግይቶ የቀረበውንም ገንዘብ ባለንብረቱ አልተቀበሉም።

ኒው ዮርክ ምን አደረገች?

ተመሳሳይ አደጋ እ.ኤ.አ በ1999 በኒው ዮርክ ተደቅኖ ነበር። የከተማዋ አስተዳደር ከ100 በላይ የሰፈር አትክልት ሥፍራዎችን በጨረታ ለመሸጥ ሲዘጋጅ፣ ሁለት ድርጅቶች 4 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለው ጨረታው ከመካሄዱ በፊት ገዟቸው። የሁለቱን ከተሞች ዕጣ የለየው የአልሚዎቹ ትጋት ወይም ፍቅር አይደለም። በኒው ዮርክ የባለቤትነት ሰነዱ መሬቱን ለአትክልት ሥፍራነት ለሚጠብቁ እጆች ተላለፈ፤ በሎስ አንጀለስ ግን ሰነዱ ሌላ ሰው ዘንድ ነበር።

ከተሞች ቤትም፣ የሥራ ቦታም ያስፈልጋቸዋልና የልማት ጥያቄ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ባዶ መሬት ለጊዜው ለነዋሪ ሲሰጥ "ለጊዜው" የሚለው ቃል እስከ መቼ እንደሆነ፣ ሲያበቃም ምትክ ቦታ መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ክርክሩ የሚጀመረው ዛፉ ካፈራ በኋላ ነው።

የሎስ አንጀለስ አልሚዎች ከፊሎቹ ከከተማዋ ርቀው በሌላ መሬት እርሻቸውን ቀጥለዋል። በልማት ስም የተጠረገው የቀድሞ ሥፍራቸው ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት ምንም ሳይገነባበት ታጥሮ ቆየ።