ጭረት እድፍ አይደለም

አንድ መምህራችን በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ እጩ መምህራንን ሊጎበኙ በሞተር ብስክሌት አማኑኤል ደርሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ መሸባቸው። ከፊት የመጣ የጭነት መኪና መብራት ሲያርፍባቸው የሄልሜታቸው መስተዋት በሞላ ነጭ ጉም ሆነና መንገዱ ጠፋቸው። ደግነቱ ዳር ይዘው ቆሙ። ከሁለት ቀን በፊት መስተዋቱን በጥርስ ሳሙና ፈትገን «አዲስ አደረግንልዎ» ያልናቸው እኛው ነን! ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናጣራው ተነሣን።

ጭረት እድፍ ቢሆን ኖሮ ስናጥበው በለቀቀ ነበር። ጭረት ቦይ ነው፤ ከፕላስቲኩ ተፍቆ የሄደ አካል አለ። ብርሃን ለስላሳውን ገጽ ሥርዓት ይዞ ያልፋል፤ ከቦዩ ግድግዳ ሲደርስ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል። ቀን ብዙም አያስቸግርም፤ ማታ መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ነው ጉዱ።

እስቲ በተጫጫረ የፕላስቲክ ማስመሪያችሁ ላይ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉ። ጭረቱ ድራሹ ይጠፋል። የዳነ እንዳይመስላችሁ። ብርሃንን የመስበር አቅም በቁጥር ሲገለጽ አየር 1 ገደማ፣ አክሪሊክ የተባለው ፕላስቲክ 1.49፣ ዘይት ደግሞ 1.47 ያህል ነው። ዘይቱ ቦዩን ሲሞላው ብርሃኑ ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም። ውሃ 1.33 ስለሆነ የሚሸፍነው በከፊል ነው። ዘይቱን በሳሙና ስታጥቡት ጭረቱ ተመልሶ ከች ይላል።

ታዲያ ጭረትን በእርግጥ ለማጥፋት ዙሪያውን እስከ ቦዩ ወለል ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰዓት ሠሪዎች የፕላስቲክ ሰዓት መስተዋትን በጥርስ ሳሙና የሚያጠሩትም ለዚሁ ነው፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ይፍቃል። ለአክሪሊክ ይህ ይሠራል። አስቀድማችሁ አጥባችሁ በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር ካልያዘው፣ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ነጭ የጥርስ ሳሙና ይዛችሁ እያዞራችሁ ፈትጉ። ከያዘው በፊት ቁጥር 1000፣ ቀጥሎ 2000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻም ሳሙናው። በመካከሉ ጉም ሲለብስ አትደንግጡ። አመድ ግን አደራ! አመድ ለድስት ነው።

የሄልሜት መስተዋትና የቤተ ሙከራ መነጽር ግን ሌላ ዘር ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ከፖሊካርቦኔት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኸርማን ሽኔል በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ካገኘው ፕላስቲክ። ድንጋይ ቢያርፍበት በቀላሉ አይሰበርም፤ ገጹ ግን ቶሎ ይጫጫራል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ስስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለብሰዋል። እኛ የፈተግነው ይህንኑ ሽፋን ኖሯል! አንድ ጭረት አጠፋን ብለን ሺህ ፈጠርን። ቤንዚንና ቲነርማ የባሰ ነው፤ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል፣ ጥንካሬውንም ይነሣዋል። ዓይን ፊት ያለው መስተዋት ከተጫጫረ መለወጥ ነው፤ ሌላ ብልሃት አላገኘንለትም።

የበጋ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከፕላስቲክ እጅግ ይጠነክራል። በደረቅ እጅጌ መጥረግ ማለት እንግዲህ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ውሃ የጠገበ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አልብሱት፤ አቧራው ሲርስ ሳትጫኑ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ያበላሸነው መስተዋት ቤተ ሙከራ ተቀምጧል። መብራት ፊት ይዛችሁ ተመልከቱበት።