ሻደይ፦ ፉክክሩም ማዕዱም

ሻደይ በዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 እስከ 21 የሚከበር የሴቶች በዓል ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች በየሰፈራቸውና በየዕድሜያቸው ተቧድነው፣ ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ይኸው በዓል በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስለ ጥልፍ ቀሚሱ፣ ስለ ሹሩባው፣ ስለ ድሪውና ስለ አልቦው ብዙ ተብሏል፤ ካሜራ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣውም እሱን ነው። ብዙ ያልተባለለት ቡድኑ ራሱ ነው፤ እንዴት እንደሚቋቋም፣ ከሌላው ቡድን ጋር በምን እንደሚፎካከር፣ ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ። ፉክክሩ ለበዓሉ እንግዳ የሆነ ዓለማዊ ነገር፣ በመጨረሻ አብሮ መብላቱ ደግሞ የድካም ማሳረፊያ ብቻ ተደርጎ ይታያል። እኔ የምለው ሁለቱ አንድ ሥርዓት ናቸው ነው። ሴቶቹ ያለ ፍርሃት አንጀታቸው እስኪርስ የሚፎካከሩት መጨረሻው ማዕድ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው፤ ማዕዱም የሚጥመው ከፉክክር በኋላ ስለሚመጣ ነው።

ቡድኑ የሚቋቋመው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው። እኩያ ከእኩያ ይጠራራል፤ አለቃ ይመረጣል፤ ገንዘብ የምትይዝ፣ ግጥም የምታወጣ፣ ከበሮ የምትመታ ትለያለች። የሴቶቹ ከበሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ያንሳል። ከተቦረቦረ እንጨት ወይም ከቆርቆሮ ይሠራል፤ ሁለቱ አፎቹ በቆዳ ይለጎማሉ፤ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ስለሚል ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። መቺዋ በጠፍር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሁለት እጇ ትመታዋለች። የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ነሐሴ ደግሞ ክረምቱ ገና ያልወጣበት ወር ነው። እርጥበት የጠጣ ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ስለዚህ ከበሮው ከመውጣቱ በፊት ቆዳው እስኪወጠር እሳት ዳር ይሞቃል፤ ሲያካፋ በነጠላ ይሸፈናል፤ ሲላላ እንደገና ወደ እሳት ይመለሳል። አንድ ከበሮ ለብዙ ሴቶች ነውና፣ የአንዷ ክንድ ሲዝል ምቱ ሳይቋረጥ ለሌላዋ ይተላለፋል። ይህ ቅብብሎሽ ቀላል እንዳይመስል፤ ከበሮውን የምትረከበዋ ምቱን ከእግሯ ጋር ሳታስማማ አንገቷ ላይ ብታስገባው ጭብጨባው ይፈርሳል፣ ግጥሙን የሚቀበሉትም ይስታሉ። የአንድ ቡድን ብቃት ከሚለይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ፉክክሩ የሚጀምረው ደግሞ ሁለት ቡድኖች አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ወይም አንዱ ከአንድ ደጃፍ ሲወጣ ሌላው ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ የማን ተቀባይ ጠንካራ እንደሆነ፣ አውጪዋ ስንት አዲስ ግጥም እንዳላት፣ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣናም በአማርኛም ሳትደናቀፍ መሄድ እንደምትችል፣ የማን እስክስታ እንደማይደክም ይታያል። ዳኛ የለም፤ ነጥብ የሚይዝም የለም። ፍርዱ ያለው በሚያዩትና በሚሰሙት ሰዎች ፊት ላይ፣ በእልልታው ርዝመት፣ የቤቱ ባለቤት እጁን ወደ ኪሱ በሚሰድበት ፍጥነት ነው። ማንም “አሸነፍሽ” ስለማይባል ማንም “ተሸነፍሽ” አይባልም፤ የከርሞው ፉክክር ከዚሁ ይወለዳል። በየሰፈሩ ክርክሩ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ የእኛ ሰፈር ልጆች በልጠው ነበር ያለ ሰው የሚረታበት ማስረጃ ስለሌለው የሚቀጥለውን ነሐሴ መጠበቅ አለበት። ፉክክር ለጥበብ የሚያደርገውን በሌላም ቦታ አይተነዋል። ክቡር ዘበኛ ጥላሁን ገሠሠን፣ ፖሊስ ሠራዊት ሒሩት በቀለንና ዓለማየሁ እሸቴን ይዘው በየኦርኬስትራቸው ሲተያዩ ሙዚቃው አደገ እንጂ አልቀነሰም።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። ቡድኑ በየቤቱ ሲዞር የሚሰጠው ገንዘብ፣ እህል፣ የሚበላና የሚጠጣ ነው። ከተሰበሰበው ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥበት አለ፤ በቀረው ይደገሳል። ከውጭ የሚያይ ሰው ይህን እንደ ትንሽ የወጣቶች ድግስ ሊያልፈው ይችላል። ወሩን ግን ልብ ይሏል። ነሐሴ በደጋው አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት፣ ጎተራው ወደ መሠረቱ የቀረበበት ጊዜ ነው። ዋግ ኽምራ ደግሞ ድርቅ በተደጋጋሚ የሚመታው አገር ነው፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ያለ ወር ከአንድ ቤት የሚወጣ አንድ ቁና እህል ከትርፍ የሚሰጥ አይደለም። አንድ ቤት ደግሞ ለአንድ ቡድን ብቻ አይሰጥም፤ ጠዋት የመጣውን ሰጥቶ ከሰዓት የመጣውንም ይሸኛል። እንግዲህ በማታው ማዕድ ላይ የቀረበው እህል ከተፎካካሪው ቡድን እህል ጋር ከአንድ ጎተራ የወጣ ነው። ቡድኖቹ በዕድሜም ስለሚለዩ ታላቅ እህት በአንዱ፣ ታናሽ በሌላው ልትሆን ትችላለች፤ የሁለቱም ድርሻ የሚደርሰው አንድ እናት ቤት ነው። ቀን በግጥም የተነቋቆሩት ሴቶች ከበዓሉ በኋላ በወንዝ፣ በገበያ፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። አንዷ ነገ የሌላዋ ሰፈር ምራት ልትሆን ትችላለች። ማዕዱ ይህን ሁሉ ትስስር ሴቶቹ ገና ከበሮው ከእጃቸው ሳይወርድ ያስታውሳቸዋል፤ ነቆራው ከዚያች ቀን እንዳይሻገር የሚያግደው እሱ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሃይማኖት ወገን ነው። በዓሉ ከእመቤታችን ዕርገት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቡድኖቹም መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ታዲያ እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ ማለት ከዚህ ጋር እንዴት ይሄዳል ይባላል። ተቃውሞው በቅንነት የሚነሣ ስለሆነ በቅንነት መመለስ አለበት። መልሱም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ውስጥ አለ። ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የየራሳቸውን ወገን ይይዛሉ። ቀኙ ሲመራ ግራው ይቀበላል፣ ግራው ሲያነሣ ቀኙ ይመልሳል፤ መቋሚያው ይዘማል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው በመካከል ይመታል። አንዱ ወገን ወረቡን አሳምሮ ሲያወርድ ሌላው ከዚያ አላንስም ብሎ ድምፁን የሚያነሣ መሆኑን ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ይህን ኃጢአት አላለውም፤ ምስጋናው የሚደምቅበት መንገድ ነው። ሲፈጸምም ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ አይሄዱም፤ በአንድ ደጀ ሰላም ጸበል ጸዲቅ ይቀምሳሉ። የሻደይ ቡድኖች በአጥሩ ውጭ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ፊት ለፊት መቆም፣ መመላለስ፣ ከዚያ አብሮ መብላት። ጠብ የሚባለው ከሦስቱ የመጨረሻው ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እየበረታ የመጣው ነው። መንገድ ላይ መኪና እያስቆሙ ገንዘብ መጠየቅ ጨዋታውን ወደ ልመና አወረደው ይባላል። ቅሬታው እውነት የለውም አልልም። ነገር ግን ስሕተቱ ከመቀበሉ ላይ አይደለም፤ የሚቀበሉት ከማያውቃቸው፣ ከማያውቁትም ሰው መሆኑ ላይ ነው። ደጃፍ ላይ የሚዘፈን ግጥም የቤቱን ሰው በስሙ፣ በሙያው፣ በልጆቹ ያነሣል፤ ሰጪው የሰጠውን ያህል ተዘፍኖለታል። በመኪና መስኮት የሚሰጥ ብር ይህ የለውም፣ በኋላም ለማዕድ የሚጠራው ቤት የለም። መድኃኒቱ ዙረቱን ወደ ሰፈሩ መመለስ እንጂ ዙረቱን መከልከል አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ግን መድረኩ ነው። በዓሉ ከየአካባቢው አልፎ በክልል ደረጃ “ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለል” ተብሎ በአደባባይ መከበር ከጀመረ ወዲህ ሥነ ሥርዓት፣ ንግግርና ሽልማት መጥቷል። ይህ ለሰቆጣ ክብርም ገቢም ነው፤ የኽምጣና ዘፈን ከዋግ ውጭ መሰማቱም ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎች ያለ ዳኛና ያለ ሽልማት ብቃት አይመጣም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሽልማት ከገባ ወዳጅነት ይወጣል ይላሉ። ሁለቱንም ለመፈተን ከዋግ እጅግ የራቀ ምሳሌ ይጠቅማል። በአሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጦር ተመላሾች ማኅበራት የከበሮና የመለከት ጓዶችን አቋቋሙ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእነዚህ መካከል የአዋቂዎቹ ጓዶች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በእነዚህ ጓዶች ውስጥ የዕድሜ ጣሪያ የለም፤ መምህሩም መካኒኩም ጡረተኛውም ከሥራ ተርፎ በሳምንት መጨረሻ ይለማመዳል። ታላቁ ውድድራቸው ለረጅም ዘመን የተካሄደው በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ማለትም በእኛ ነሐሴ ሊያልቅ ወይም ጳጉሜን ሊገባ ሲል ነው። እዚያ ዳኛ አለ፤ ነጥቡም ከመቶ፣ እስከ አሥርዮሽ ድረስ ተሰንጥቆ ይሰጣል። ሆኖም ትርዒቱ ሲያበቃ የተፎካካሪ ጓዶች አባላት በመኪና ማቆሚያው ተሰባስበው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ የድሮ ወዳጅ ይፈልጋሉ፣ ከበሮም አብረው ይመታሉ። እንግዲህ ነጥብ መስጠት ብቻውን ወዳጅነትን አያጠፋም፤ በዚህ ሽልማትን የሚቃወሙት ወገኖች ተሳስተዋል። ሽልማቱ ብቻውን ይበቃል የሚሉትም ተሳስተዋል፤ እነዚያን አዋቂ ሰዎች ያለ ክፍያ ዓመት ከዓመት የሚመልሳቸው ዋንጫው አይደለም፣ ዋንጫውን የሚወስደው አንድ ጓድ ብቻ ነውና። ለእኛ መድረክ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ተግባራዊ ነው። መርሐ ግብሩ በምስክር ወረቀት አልቆ ቡድኖቹ በየመኪናቸው የሚበተኑ ከሆነ ግማሹ በዓል ተቆርጧል። ለድምፅ ማጉያና ለድንኳን የሚመደበው በጀት ለእንጀራና ለወጥም፣ ከሰቆጣ፣ ከላሊበላና ከቆቦ የመጡት ሴቶች ያለ ካሜራ አብረው ለሚያመሹበት ሌሊትም መመደብ አለበት። የበዓሉ ባለቤት ማነው እየተባለ በከተሞች መካከል የሚነሣው ክርክርም ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ እዚያ ቢካሄድ ይሻላል፤ ከበሮ በያዙ ሴቶች መካከል ክርክሩ የዘፈን ግብዓት ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችም ከተማዋ ውስጥ ተጠልለው ነበር። በሰፈር ለሚቋቋም ቡድን ሰፈር ማጣት ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለችን ልጅ በአስጠጊው ሰፈር ቡድን ውስጥ መቀላቀል የመጀመሪያው ደግ ሐሳብ ይመስላል፤ ብቻዋን ለቀረች ልጅም ትክክለኛው እሱ ነው። በዛ ብለው ለመጡት ግን የራሳቸው ከበሮ፣ የራሳቸው አለቃና የራሳቸው ግጥም ቢኖራቸው ይበልጣል ባይ ነኝ። በሌላው ቡድን ጥግ የቆመች ልጅ ተቀባይ ብቻ ሆና ትቀራለች። የራሱን ከበሮ የያዘ ቡድን ግን መንገድ ላይ ሲገናኙት ይቆሙለታል፣ ይነቁሩታል፣ መልሱን ይጠብቁታል፤ ማታም የሰበሰበውን ይዞ በእኩልነት ወደ ማዕዱ ይመጣል።