ልጅዎ ፖሊ ቴክኒክ ሲገባ፦ የመጀመሪያው ዓመት የቤተሰቡም ፈተና ነው

መስከረም ሲጠባ ከሰርቬትም ከዙሪክም ልጆቻችን ፖሊ ቴክኒክ ይገባሉ። ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ነገር ግን ሱቅ ወይም ታክሲ ያለው ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች ስላሉ በዛሬው ዓምዳችን እናቀርብልዎታለን።

በመጀመሪያ «ፖሊ» የሚለው ስም እንዳያሳስትዎ። እኛ ፖሊ ስንል ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው። እዚህ አገር ፖሊ የሚባሉት ግን ሁለቱ የፌዴራል ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንደኛው በ1855 የተከፈተው የዙሪክ (ኤቴሃ) ሲሆን ሁለተኛው ከ1969 ጀምሮ የፌዴራል የሆነው የሎዛን ነው። የመጀመሪያው ዲግሪ ትምህርት በዙሪክ በአብዛኛው በጀርመንኛ፣ በሎዛን በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጣል። ለሰርቬት ነዋሪዎች ቅርብ የሆነው የፕሬሪ መንገዱ ኤፒያ ደግሞ የሞያ ማቱሪቴ ያላቸውን የሚቀበል የምሕንድስና ትምህርት ቤት ነው።

የሁለቱ ፌዴራል ትምህርት ቤቶች በር ሰፊ ነው፤ ማጣሪያው ከውስጥ ነው። የስዊስ ጂምናዚየም ማቱሪቴ ያለው ተማሪ ያለ መግቢያ ፈተና ይመዘገባል። በዙሪክ የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና የወደቀ አንድ ጊዜ ብቻ ይደግማል፤ ሁለተኛ ከወደቀ ያ የትምህርት ዘርፍ ይዘጋበታል። በሎዛን ከ2016 ጀምሮ በመጀመሪያው መንፈቅ ከ6 ነጥብ 3.5 ያላገኘ ተማሪ ሁለተኛውን መንፈቅ በማጠናከሪያ ትምህርት ያሳልፋል።

እንግዲህ ከእርስዎ የሚጠበቀው የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሰዓት ይስጡት። የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። በዙሪክ አንዱ ክሬዲት 30 የሥራ ሰዓት ተብሎ ስለሚሰላ በጠቅላላው 1800 ሰዓት ይሆናል። ይህ የአንድ ሙሉ ሠራተኛ ዓመት ነው። በተለይ ታኅሣሥን ልብ ይበሉ። ለሱቅ የገና ገበያ የሚደራበት ወር ለተማሪው የጥር ፈተና መዘጋጃ ነው። በዙሪክ የበጋው ፈተና ደግሞ ነሐሴ ላይ ስለሚውል «ክረምቱን ሱቅ ይቆምልኛል» ብለው አያስሉ። የሰው ዋጋ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ለዚህ ዓመት ግን ቅዳሜ የሚሠራ ሰው ቢቀጥሩ ኪሳራ አይደለም።

2ኛ. ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ካለዎት ፈቃድ ሳይኖረው ባንኮኒ ላይ አያቁሙት። በተማሪ ፈቃድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በመደበኛው ሥራ አይሠራም። ከዚያ በኋላ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 15 ሰዓት ይፈቀድለታል፤ ፈቃዱንም አስቀድሞ የሚጠይቀው አሠሪው ነው። «ዘመዴ ነው፤ ደመወዝ አልከፍለውም» ማለት ከጥያቄ አያድንም። ከ2025 መጸው ጀምሮም ለትምህርት ብለው ከውጭ የሚመጡ በሁለቱ ፌዴራል ትምህርት ቤቶች በመንፈቅ 2190 ፍራንክ ይከፍላሉ። እዚህ ነዋሪ የሆኑት የሚከፍሉት 730 ነው።

3ኛ. የግብር ወረቀትዎን ያስተካክሉ። ልጅዎ ዙሪክ ቢማርም የትምህርት ድጎማ (ቡርስ) የሚጠየቀው ወላጆች ከሚኖሩበት ካንቶን ነው። በጄኔቭ ፐርሚት ሴ ያላቸው፣ በፐርሚት ቤ አምስት ዓመት የኖሩና ስደተኛነታቸው የታወቀላቸው ማመልከት ይችላሉ። መሥሪያ ቤቱ የሚያየው የእርስዎን የግብር ውሳኔ ነው። ሒሳብዎን በጊዜው ሳያስገቡ ቀርተው ግብር ሰብሳቢው በግምት ከወሰነብዎ፣ በወረቀት ላይ ሀብታም ይሆኑና ልጅዎ ድጎማውን ሊያጣ ይችላል።

4ኛ. የሚገባዎትን ይውሰዱ፤ የሚከፈለውን ይክፈሉ። ልጁ እስከ 25 ዓመቱ በትምህርት ላይ ከሆነ የትምህርት አበል አለ፤ ከ2013 ጀምሮ በራሳቸው የሚሠሩ ሁሉ ይህ መብት አላቸው። ተማሪው 20 ዓመት ከሞላው ቀጥሎ ካለው ጥር ጀምሮ ግን ሥራ ባይኖረውም የጡረታ መዋጮ (አቬኤስ) መክፈል ይጀምራል። በ2025 ዝቅተኛው 530 ፍራንክ ነበር። የተዘለለ ዓመት በእርጅና ጊዜ ጡረታ ይቀንሳል።

5ኛ. ይህን ለልጅዎ ያንብቡለት። ትምህርቱን መስማት ብቻ አይበቃም፤ የመልመጃው ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጥህ። ያልገባህን ረዳት መምህሩን ጠይቅ፤ ይሉኝታ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ከሁለት ከሦስት ጓደኞች ጋር አጥና፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎችም በሰዓት ሥራ።

በመጨረሻ ስለ መውደቅ እናንሣ። «የእገሌ ልጅ ወደቀ» መባልን ፈርቶ የመጀመሪያውን ውጤት የሚደብቅ ልጅ፣ ወላጅ የሚሰማው ሁለተኛው ዕድል ካለፈ በኋላ ይሆናል። አልበርት አይንሽታይን እንኳ በ1895፣ በ16 ዓመቱ፣ የዙሪክን ፖሊ መግቢያ ፈተና አላለፈም። አንድ ዓመት አራው ተምሮ በ1896 ገባ። ዘርፍ መቀየርም ወደ ኤፒያ ዓይነት ትምህርት ቤት መሻገርም የተከበሩ መንገዶች ናቸው። ስለዚህ ውጤት ሲወጣ ተቆጥተው ሳይሆን አረጋግተው ይጠይቁ፤ ልጅዎ እውነቱን ሊነግርዎ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

መልካም የትምህርት ዘመን!